ፊን፦ ስሙ ለሕግ የተሰጠ የፖሊስ ውሻ

ፊን በእንግሊዝ የሃርትፎርድሺር ፖሊስ ውስጥ ያገለገለ የጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ውሻ ነው። ከሥራ ጓዱ ከፖሊስ ዴቭ ዋርዴል ጋር ተጠርጣሪ ሲያሳድድና የጠፋ ሰው ሲያፈላልግ ኖሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ጡረታ ወጣ፤ በጁላይ 2023 በ14 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ የፖሊስ ውሻን የሚያቆስል ሰው የሚጠየቅበት ሕግ በሰፊው የሚታወቀው በእሱ ስም ነው።

የፖሊስ ውሻ ሲሞት በክብር መሸኘት በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። በአሜሪካ በብዙ የፖሊስ መምሪያዎች አርጅቶ ወይም ታሞ የመጨረሻው ሰዓት የደረሰ ውሻ ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ መኮንኖች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሰላምታ ይሰጡታል፤ አስከሬኑ ባንዲራ ይለብሳል፤ በመገናኛ ሬዲዮም ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ ተጠርቶ አገልግሎቱ ማብቃቱ ይነገራል። በእንግሊዝ ደግሞ በ2023 ለአገልግሎት ውሾች የተሠራ ብሔራዊ መታሰቢያ በቼልምስፎርድ ከተማ ቆሟል። የፊን ታሪክ ከእነዚህ የሚለየው ትልቁን ክብር በሕይወት ሳለ በማግኘቱ ነው። ያ ክብር ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ውሾችም ይተርፋል።

ነገሩ የተጀመረው ኦክቶበር 5 ቀን 2016 ሌሊት በስቲቭኔጅ ከተማ ነው። ዋርዴልና ፊን መሣሪያ ይዞ የታክሲ ሹፌር ዘርፏል የተባለ ወጣት ያሳድዱ ነበር። ፊን ደርሶበት እግሩን ሲይዘው ወጣቱ ረጅም ቢላ መዝዞ ውሻውን ደረቱ ላይ ወጋው፤ ቀጥሎ ወደ ፖሊሱ ሲሰነዝር ፊን መካከል ገብቶ ጭንቅላቱ ላይ ቆሰለ። ዋርዴል ከእጅ ጉዳት በቀር ተረፈ። የፊን ሳንባ ግን ተበስቶ ነበር። ሐኪሞች ለአራት ሰዓት ያህል ቀዶ ሕክምና አድርገው አዳኑት፤ ከ11 ሳምንት በኋላም ወደ ሥራው ተመለሰ። በደረቱ ስለት የገባበት ውሻ ሦስት ወር ሳይሞላው ሥራ መጀመሩ የሐኪሞቹንም የውሻውንም ጥንካሬ ያሳያል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን አንድ ክፍተት ወጣ። በጊዜው በነበረው ሕግ በውሻው ላይ ለደረሰው ጥቃት የቀረበው ክስ በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ የሚል ነበር፤ አንድ ሰው የፖሊስ መኪና መስተዋት ቢሰብር እንደሚከሰሰው ማለት ነው። በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግም እንስሳን ማሠቃየትን ቢከለክልም ተከሳሹ ራሴን ስከላከል ነው ብሎ እንዲሟገት በር ይከፍት ነበር። ከሚያሳድደው የፖሊስ ውሻ ጋር ለታገለ ሰው ደግሞ ይህ መከራከሪያ ሁልጊዜ በእጁ ያለ ነው። ሕይወቱን ለሰው ሲል አደጋ ላይ የጣለን ፍጡር ከዕቃ እኩል መቁጠር ብዙዎችን አስቆጣ፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር።

ዋርዴል ሕጉ እንዲለወጥ ዘመቻ ከፈተ። የምክር ቤት አባሉ ሰር ኦሊቨር ሂልድ ረቂቁን አቀረቡ፤ ኤፕሪል 8 ቀን 2019 ንጉሣዊ ይሁንታ አግኝቶ ጁን 8 በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ አጭር ነው። በመኮንን ቁጥጥር ሥር ሆኖ በተገቢው መንገድ ሥራ ላይ የተሰማራ የአገልግሎት ውሻ ወይም ፈረስ ሲጎዳ፣ ራስን የመከላከል መከራከሪያው እንደ ቀድሞው ግምት ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል። ቅጣቱ መጀመሪያ ከስድስት ወር እስራት አይበልጥም ነበር፤ በ2021 የወጣ ሌላ ሕግ ጣሪያውን ወደ አምስት ዓመት ከፍ አደረገው። ስኮትላንድም በ2020 ባወጣችው የእንስሳት ሕግ ተመሳሳይ ጥበቃ ሰጠች።

ፒዲኤስኤ የተባለው የእንስሳት ሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት በ2018 ለፊን የወርቅ ሜዳሊያውን ሸለመው። ይህ ሜዳሊያ ለሰው ከሚሰጠው የጆርጅ መስቀል ጋር አቻ ሆኖ ይቆጠራል። በ2019 ፊንና ዋርዴል በታዋቂው የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ቀርበው እስከ ፍጻሜው ደረሱ፤ ታሪኩንም ፖሊስንና ውሻን በቅርብ የማያውቅ ሕዝብ ጭምር ሰማው።

ጡረታ የወጣ የፖሊስ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚቀረው አብሮት ከሠራው ፖሊስ ቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ አጥር ሲዘልና ሲታገል የኖረ በመሆኑ መገጣጠሚያውና ጀርባው ይታመማል፤ በሥራ ያገኘውን ሕመም የሚሸፍን የሕክምና መድን ማግኘትም ከባድ ነው። የኖቲንግሃምሺር ፖሊስ በ2013 ለእያንዳንዱ ጡረተኛ ውሻ በዓመት እስከ 500 ፓውንድ፣ ለሦስት ዓመት የሕክምና ወጪ የሚሸፍን እቅድ ጀመረ። በ2020 የተመሠረተው ቲን ብሉ ፖው ፋውንዴሽንም ጡረተኛ ውሾች ሲታመሙ ለአሳዳጊዎቻቸው የሕክምና ድጋፍ ያደርጋል፤ ዋርዴልም በዚህ ሥራ ተሳታፊ ሆኗል።