ጓያ የአንጎልን ቅጥር እንዴት ያልፋል?

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባለው የዋልካ መሬት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚዘራው ጓያ ለገበሬ ባለውለታ እህል ነው። ዝናም ቢያጥረው ይችላል፤ ውሃ ቢተኛበትም ቶሎ አይጠፋም፤ መሬቱንም ለሚቀጥለው ዘር ያለማዋል። ከክብደቱም ከመቶ 25 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ዳሩ ግን «ጓያ የሰበረው» ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ብርቱ የነበረ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እግሮቹ ይገትራሉ፤ ሲራመድም እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። አንዳንዱ በአንድ ዱላ፣ አንዳንዱ በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ የባሰበት ደግሞ ይድሃል። ልቡናው ግን እንደ ነበረ ነው። እንግዲህ አንድ እህል እግርን ለይቶ የሚመታው በምን ምክንያት ነው? ይህን ለማስረዳት አስቀድሞ ስለ አንጎል ቅጥር መናገር ያስፈልጋል።

የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት በዕረፍት ጊዜ ከሚያወጣው ኀይል ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ ደም ይደርሰዋል። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ የሚዞረው ሁሉ ለአንጎል አይበጅም። በዚህም ምክንያት የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀጫጭን የደም ሥሮች ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው፤ የግድግዳቸው ሕዋሳት ክፍተቱ እንደ ተደፈነ የድንጋይ ካብ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ፣ በእንስሳ ደም ውስጥ ቀለም ሲጨመር ሌላው ብልት ሲቀለም አንጎል ግን ሳይቀለም መቅረቱን ገለጸ።

ቅጥሩ ግን በር የሌለው አይደለም። እንደ ኦክሲጅንና እንደ አልኮል ያሉት በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ሰርገው ያልፋሉ። ስኳር ግን ግሉት 1 የሚባል ተሸካሚ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ አሚኖ አሲዶችም የየራሳቸው ተሸካሚ አላቸው። ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ የማይፈለገውን እንግዳ ነገር ወደ ደም እየመለሱ ይጥላሉ። ከተሸካሚዎቹ የተለዩት «ቦይ» ልንላቸው የሚገቡ ፕሮቲኖች ናቸው። ተሸካሚ እንደ ታንኳ ነው፤ ጥቂት ጭኖ ያሻግራል፣ ተመልሶም ይጭናል። ቦይ ግን በተከፈተ ጊዜ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ቅንጣት ያሳልፋል። የውሃን ቦይ ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ነርቮቻችንም መልእክት የሚያስተላልፉት እንደነዚህ ባሉ ቦዮች መከፈትና መዘጋት ነው።

አሁን ወደ ጓያው እንመለስ። በ1964 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሊቃውንት ኦዳፕ የተባለውን መርዝ ከጓያ ፍሬ ለይተው አወጡ። መርዙን ለጫጩቶች በሰጡ ጊዜ ጫጩቶቹ ተንዘፈዘፉ፤ ያደጉት ዶሮዎች ግን ቻሉት። ይህም የሆነው የጫጩቶቹ የአንጎል ቅጥር ገና ስላልጠነከረ ነው ተባለ። ስለዚህ ቅጥሩ ለጤነኛ ሰው ትልቅ መከታ ነው፤ ጓያን አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋራ የሚበላ ሰው የማይሰበረውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ሲበላ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያልፋል።

ኦዳፕ ካለፈ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳት በማታለል ነው። መልኩ ነርቮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት የተባለውን አሚኖ አሲድ ይመስላል። ስለዚህ አምፓ በሚባለው ቦይ ላይ ተቀምጦ እንደ ሐሰተኛ ቁልፍ ይከፍተዋል። ሶዲየምና ካልሲየም ያለ ልክ ይገባሉ፤ ሕዋሱም ደክሞ ይሞታል። ይልቁንም ወደ እግር የሚያዝዙት ረጃጅም ነርቮች ይጎዳሉ። የሞተ ነርቭ ስለማይተካ በሽታው መድኀኒት የለውም።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በወሎ በደላንታና ዳውንት ከድርቅ በኋላ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ ተጎድቷል። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ጓያ ብቻ የሚበላው ሌላ እህል ያጣው ድኻ ስለ ሆነ፣ በሽታው የችግር በሽታ ነው።

በአንዳንድ ቦታ የጓያ እንፋሎት ይሰብራል፣ ገለባውም ቢተኙበት ይጎዳል ይባላል። ዳሩ ግን የሚጎዳው መብላቱ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ኢትዮጵያዊው ሐኪም ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በደላንታ ሲመረምሩ፣ እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ይበልጥ አደገኛ ሆነው ተገኙ። ከጤፍና ከመሰለው እህል ጋራ መደባለቅ፣ ወጡንም በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል መሥራት አደጋውን ቀነሰ። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይጠቅማል። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከልም ዋሴ የተባለ መርዙ ያነሰ ዘር አውጥቷል።

ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፣ ጓያን አትዝሩ ማለታችን አይደለም፤ በችግር ዘመን ነፍስ ያተርፋልና። ጎተራው በጎደለ ጊዜ ግን ለብቻው እንዳይበላ፣ ከተገኘው እህል ጋራ ይደባለቅ። ጎረቤትም ጓያ ብቻ ለቀረው ጎረቤቱ አንድ ቁና እህል ቢያበድር፣ የአንድ ወጣት ሁለት እግሮች ከመሰበር ይድናሉ።