የ90 ቀን ፈቃድ፣ የ6 ወር ጡት

በማጥባት የኢትዮጵያ እናት አትታማም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከልጆቻችን ግማሽ ያህሉ 2 ዓመት ሊሞላቸው እስኪቃረብ ድረስ ይጠባሉ። ጉድለቱ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። በዚያው ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው አነስተኛ ጥናትም 59 በመቶ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውኃም ሳይጨመር፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ የሚል ነው።

ሕፃኑ ቀድሞ ሌላ ነገር የሚቀምስበት ምክንያት ብዙ ነው። ይጠማዋል ተብሎ ውኃ፣ ሆዱን ነፋው ተብሎ የአብሽ ውኃ ይሰጠዋል። የእናት ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ጥሙን ለብቻው ይቆርጣል፤ ይህን ለአያቶች ማስረዳት ያን ያህል አይከብድም። በመሀል አዲስ አበባ ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው የቢሮ ሰዓት ነው።

በ1996 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቢሆንም 90 ቀን 6 ወር አይሞላም። ወደ ሥራ የተመለሰች እናት የምታጠባበት ወይም ወተቷን የምታልብበት እረፍትም አዋጁ ውስጥ አልተደነገገም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዟል። የግል ባንክና የሆቴል ሠራተኛዋ ግን ዕጣዋ በአለቃዋ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እንዲህ ያሉት ሠራተኞች በብዛት ከሚውሉባቸው ቦታዎች አንዱ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስ ነው። ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሠሩበት ይህ ሰፈር ዛሬም የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የባንኮችና የሆቴሎች መዋያ ነው። ለብዙ ዓመታት ከፎቆቹ ጀርባ መንደር ነበር። ሰፈሩ ውስጥ የምትኖር እናት በምሳ ሰዓት ቤቷ ደርሳ አጥብታ ትመለስ ነበር፤ ካልሆነላትም አያት ልጁን አዝላ እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ትመጣ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። ስለ ቤትና ስለ ካሣ ብዙ ተብሏል። ስለ ወተት ግን የተናገረ አልሰማሁም። ከንጋቱ 12:30 ከቤት ወጥታ በታክሲና በአውቶቡስ ካዛንቺስ የምትገባ፣ ማታ 12:30 የምትመለስ እናት ከልጇ 12 ሰዓት ትለያለች።

የ12 ሰዓት ትርጉም የሚገባን ወተት እንዴት እንደሚሠራ ስናውቅ ነው። ጡት ጠዋት ሞልቶ ማታ የሚያልቅ ጋን አይደለም፤ ሌት ተቀን ያመርታል፤ የሚያመርተውም በወጣለት መጠን ነው። ልጁ ሲጠባ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲንና ኦክሲቶሲን የተባሉ ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ። የመጀመሪያው ወተቱን ያሠራል፤ ሁለተኛው በወተት ከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ጡንቻዎች አኮማትሮ ወደ ጫፉ ይገፋዋል። ጡት አግቶ ሳይጠባና ሳይታለብ ከቆየ የተጠራቀመው ወተት ራሱ ምርቱ እንዲቀንስ ያደርጋል። ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ በሳምንታት ውስጥ ወተቱ በእርግጥ ያንሳል። «ሥራ ስጀምር ወተቴ ደረቀ» የምትል እናት ሰውነቷ አልከዳትም፤ ካልወጣ አያስፈልግም ብሎ ነው የቀነሰው። አጥሚትና ገንፎ አራስን ያጠነክራሉ፤ ወተቱን የሚያበዛው ግን መጥባትና መታለብ ነው።

ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠች ገንዘብ ተቀባይ አስቡ። ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ጡቷ አግቶ ይወጋታል፤ ሸሚዟ መራሱ እንዳይታይ በሻርፕ ሸፍናዋለች። ፈቃድ ጠይቃ መጸዳጃ ቤት ትገባና እጅ መታጠቢያው ላይ ቆማ ታልባለች፤ ሰው በሩን ያንኳኳል፤ ወተቱም በቧንቧው ይሄዳል። ስትደናገጥ የሚፈሰው አድሬናሊን ኦክሲቶሲንን ስለሚገታ ጡቷ ሞልቶ ሳለ ወተቱ እንቢ ይላታል። የሚቆለፍ በር የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው። በተቃራኒው የልጇን ፎቶ በስልኳ ማየት ወይም ድምፁን መስማት ብቻ ወተቱን ሊያስመጣው ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ1 እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን በቀን በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚጠባ በሰዓት ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ለ12 ሰዓት ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር መተው ይበቃል። ይህም በየሦስት ሰዓቱ ገደማ፣ ማለትም ረፋድ፣ ምሳ ሰዓትና ከሰዓት በኋላ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ በማለብ ይገኛል። ፓምፕ ያላት በፓምፕ፣ የሌላት በእጇ። እጅን በሳሙና ታጥቦ አውራ ጣትንና ሌሎቹን ጣቶች ከጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በሁለት በኩል ማኖር፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ ማድረግ፣ ከዚያ ጨመቅ ለቀቅ እያሉ ዙሪያውን መዞር ነው። ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። መብራት ሲጠፋም የማይጠፋ ዘዴ ስለሆነ፣ ፓምፕ ያላትም ብትለምደው እመክራለሁ።

ማስቀመጡ ላይ የአዲስ አበባ አየር ያግዘናል። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ከተማችንም ከዚያ በላይ የምትሞቀው አልፎ አልፎ ነው። በረዶ በተጨመረበት ማቀዝቀዣ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓት፣ በፍሪጅ (በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ) እስከ 4 ቀን፣ በፍሪዘር 6 ወር ያህል ይቀመጣል። ቆይቶ ስቡ ከላይ ቢንሳፈፍ አልተበላሸም፤ በቀስታ ማዞር ነው። የሚሞቀው ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ በማኖር እንጂ እሳት ላይ ተጥዶ አይደለም። ከፍሪዘር ወጥቶ በፍሪጅ የቀለጠውን በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ፣ መልሶም ፍሪዘር ውስጥ አለማስገባት። አንድ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ልጨምር፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲቀቀል ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይበጃል።

ቤት ለሚቀሩት አያት ወይም ሞግዚት ደግሞ ከጡጦ ይልቅ ትንሽ ንጹሕ ስኒ ይሻላል። ለማጠብ ይቀላል፤ ሕፃኑም የጡጦ ጫፍ ለምዶ ጡት እንቢ አይልም። ልምምዱ ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢጀመር ደግ ነው። ማታ እናቱ ስትመጣ ደጋግሞ መጥባቱም መልካም ነው፤ ፕሮላክቲን ከፍ የሚለው ሌሊት ስለሆነ የሌሊቱ ጡት የቀኑን ይደግፋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጡት ብቻ የምታጠባ፣ ልጇ 6 ወር ያልሞላውና የወር አበባዋ ያልተመለሰ እናት በማጥባቷ ብቻ 98 በመቶ ያህል ከእርግዝና ትጠበቃለች። ቀን ተለይታ ስትውልና ጡት የምትሰጥባቸው ሰዓቶች ሲራራቁ ግን ይህ መተማመኛ ይላላል፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ስለ ሌላ መከላከያ መማከር አለባት።

እስከ መቼ ይጥባ ለሚለው ጥያቄ የኔ መልስ፣ ሁሉንም ወይም ምንም ማለት አይገባም የሚል ነው። ቀን ማለብ ያልቻለች እናት የጠዋቱንና የማታውን ጡት ባታቋርጥ ልጁ ብዙ ያተርፋል። ከ6 ወር በኋላ ብረት ለማግኘት ተጨማሪ ምግብ ግድ ቢሆንም፣ በሁለተኛው ዓመት እንኳ ከሚያስፈልገው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ከጡት ያገኛል። እናቲቱም ትጠቀማለች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመና 30 አገሮችን ያካተተ ትንተና ለእያንዳንዱ 12 ወር ማጥባት የጡት ካንሰር አደጋ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በካዛንቺስ ፎቆች ውስጥ ሠራተኛ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ አንድ የሚቆለፍ ጠባብ ክፍል፣ ወንበር፣ ሶኬት፣ የእጅ መታጠቢያና ከፍሪጁ አንድ መደርደሪያ ስጧቸው። በቀን ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃም ፍቀዱላቸው። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።