ውሻው ያነክሳል ወይስ ይነክሳል?

በአንበሳሜ አካባቢ ከገበሬ ደጃፍ «ውሻው ያነክሳል» ሲባል የሰማ መንገደኛ ሊያዝን እንጂ ሊሸሽ አይገባውም፤ «ይነክሳል» ቢባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በግሱ ላይ ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት። «አነካከስ» በሚለው ስም እርሷም ትጠፋለች፤ ቃሉ ከ«ነከሰ»ም ከ«አነከሰ»ም ይወጣልና። ስለዚህ ስለ ውሻ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚተረጉም ሰው «የአነካከስ መለኪያ» ቢል አንባቢው ጥርስ ያስባል። «የማነከስ ደረጃ» ይሻላል።

ልኬቱ በሁለት መንገድ ይከናወናል። አንደኛው በዓይን አይቶ ነጥብ መስጠት ነው፤ የፊት እግሩን ያመመው ውሻ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ቀና ያደርጋል። ሁለተኛው ኀይል በሚመዘግብ ሰሌዳ ላይ ማስኬድ ነው። ጤነኛ ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን በፊት እግሮቹ ይሸከማል፤ ልም አጥንቱ ያለቀበት ግን ሸክሙን ከታመመው እግር ወደ ሌሎቹ ያዛውራል።

ሁለቱም የኋላ እግሮቹ እኩል የታመሙበት ውሻ ላያነክስ ይችላል፤ አረማመዱ ግን ተለውጧል። «አረማመድ»ና «ማነከስ» በአንድ ቃል እንዳይጠቃለሉ የምንከራከረው በዚህ ምክንያት ነው። «አካሄድ»ማ ከእግር ይልቅ የጽሕፈት ቤት ሥነ ሥርዓት ሆኗል። «ቁርጥማት»ም ታማሚው የሚሰማውን ሥቃይ እንጂ የመገጣጠሚያውን መጎዳት አይሰይምም።