የገና ዱላና የእጅ አንጓ

ገና ሲቃረብ በየሜዳው የሚታየው ነገር አንድ ነው። ጉልበተኛው ልጅ ዱላውን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል፤ ሩሯ ግን ሦስት እርምጃ ያህል ተንከባላ ትቆማለች። ቀጥሎ አንዱ ቀጭን ልጅ መጥቶ፣ ዱላውን ከወገቡ እንኳ ሳያሳልፍ ሲለጋት ከሜዳው ማዶ ትገኛለች። ተመልካቹም «ይሄ ልጅ ያውቅበታል» ብሎ ያልፋል። ነገ የስፖርት ክፍለ ጊዜ የምንይዝ እጩ መምህራን ግን ልጁ የሚያውቀው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል።

መልሱ ከጅራፍ ላይ ይገኛል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጅራፍ የሚጮኸው እጅ ሮጦ ሮጦ ገታ ሲል ነው። እጅ ሲገታ እንቅስቃሴው ወደ ጫፉ ይተላለፋል፤ ጫፉም የድምፅን ፍጥነት ስለሚያልፍ ይጮኻል። የገና ዱላ እንደ ጅራፍ አይተጣጠፍም። ነገር ግን አንድ ማጠፊያ አለው፤ እሱም የእጃችን አንጓ ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቀው ያጠኑት የጎልፍ ሰዎች ናቸው። ጎልፍ ለብዙዎቻችን በፎቶግራፍ ብቻ የምናውቀው ጨዋታ ቢሆንም፣ ትንሽ ኳስ በዱላ መለጋት በመሆኑ የገና ዘመድ ነው። ኮክራንና ስቶብስ የተባሉ ሰዎች በ1968 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ክንድንና ዱላን በማጠፊያ እንደተያያዙ ሁለት ፔንዱለሞች አድርገው አስረድተዋል። አንጓ ታጥፎ ዱላው ወደ ክንድ ሲጠጋ ክብደቱ ወደ መዞሪያው ማዕከል ይቀርባል፤ ስለዚህ ክንድ በቀላሉ ይፈጥናል። እጅ ወደ ኳሱ ሲቃረብ ዱላው ወደ ውጭ ይሳባል፣ አንጓው ይፈታል፤ ክንድ ዘግየት ሲል የዱላው ጫፍ ይወነጨፋል።

ቁጥር ካላየሁ አላምንም ለሚል ጓደኛ፦ ክንድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ዱላ 90 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። አንጓው ደርቆ ሁለቱ እንደ አንድ እንጨት በሴኮንድ አንድ ዙር በሚያህል ፍጥነት ቢዞሩ፣ የጫፉ ፍጥነት 2 × 3.14 × 1.5፣ ማለትም በሴኮንድ 9.4 ሜትር ገደማ ነው። በምቱ ቅጽበት አንጓው ለዱላው ብቻ በሴኮንድ ሌላ ሁለት ዙር የሚያህል ቢጨምርለት 11.3 ሜትር ይደመራል። በጠቅላላው ከ20 ሜትር በለጠ ማለት ነው። ታዲያ ልጁን «አጥብቀህ ያዝ፣ በኃይል ምታ!» ማለት አንጓውን ማድረቅ ነው። ዱላው እንዳያመልጥ ይያዝ እንጂ ጣት እስኪነጣ አይጨበጥ።

ሁለተኛው ነገር የዱላው መንገድ ነው። አንድ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ጋደል አድርጋችሁ ብታስደግፉ፣ የዱላው ጫፍ የሚዞረው በሰፌዱ ጠርዝ ላይ እንደሆነ አስቡት። አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋን በ1957 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ ከኳሱ እስከ ትከሻ በተጋደመ መስታወት መስሎታል፤ ለእኛ ሰፌዱ ይበቃናል። ዱላው አጭር ሲሆን መቺው ስለሚያጎነብስ ሰፌዱ ቀና ይላል፤ ረጅም ሲሆን ይጋደማል። ሁለቱም ምንም አይደለም። ዱላው ሲወርድ ከሰፌዱ ከወጣ ግን ወይ መሬት ይቆፍራል ወይ የሩሯን አናት ልሶ ያልፋል። በዚያ ላይ የጎልፍ ዱላ ጠፍጣፋ ፊት ሲኖረው የእኛ ቆልማማ ክብ ስለሆነ፣ ትንሽ ሲስት ሩሯ ወደ ጎን ታፈተልካለች።

ነገሩ ሩር ማራቅ ብቻ አይደለም። ጎልፍ ብቻን ቆመው የሚለጉት ነው፤ በገና ግን አሥር ሰው አንዲት ሩር ላይ ይረባረባል። በተለይ እንደ 18 ማዞሪያ ባለ ሜዳ በጠበበበት ሰፈር ከራስ በላይ የተነሣ ዱላ የሰው ግንባር ወይም ጥርስ ማግኘቱ አይቀርም። አንጓውን የሚጠቀም ልጅ ዱላውን ያን ያህል ማንሣት አያስፈልገውም። በእኔ አስተያየት ገናን «አደገኛ ነው» ብሎ ከትምህርት ቤት ከማስወጣት በፊት ይህን አስተምሮ ማየት ይሻላል።

ለመጀመሪያው ቀን ሩር እንኳ አያስፈልግም። ልጆቹ ዱላውን ገልብጠው በቆልማማው በኩል ይዘው አየር ይምቱና «ሹው» የሚለውን ድምፅ ያዳምጡ። በቀኝ ለሚመታ ልጅ ድምፁ ከቀኝ እግሩ በላይ ከተሰማ አንጓው ቀድሞ ተፈቷል፤ ሩሯ በምትቀመጥበት ቦታ ወይም አለፍ ብሎ ከተሰማ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ የጨርቅ ኳስ ይሰጣቸው። ሲሰለፉ እያንዳንዱ የፊተኛውን ጀርባ እያየ፣ በመካከላቸው ቢያንስ አራት እርምጃ ይኑር፤ ኳሱ የሚሄደው ወደ ግራቸው ነው። ግራኝ ልጅ ካለ ከሰልፉ ኋላ፣ ከመጨረሻው ልጅ ጋር ጀርባ ለጀርባ ሆኖ ይቁም፤ እሱ ወደ ቀኙ ሲለጋ ኳሱ ከሌሎቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል።