4,294,967,297፦ ብቸኛ የመሰለው ቁጥር

4,294,967,297 ባለ አሥር አሃዝ ሙሉ ቁጥር ነው። የሚገኘው ሠላሳ ሁለት ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ 1 በመደመር ነው። ስሙን ያስጠራው ትልቅነቱ ሳይሆን ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ መስሎ ዘጠና ዓመት ያህል መቆየቱ ነው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 አካባቢ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን አስተዋለ። ከእያንዳንዳቸው 1 ሲቀነስ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 ይቀራል፤ እያንዳንዱም ቀዳሚው በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በዚሁ ሥርዓት የሚቀጥሉት ሁሉ የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ ስድስተኛው 4,294,967,297ም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልደበቀም። በ1729 የሒሳብ ሊቁ ክርስቲያን ጎልድባኽ ጉዳዩን ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለኦይለር በደብዳቤ አነሳለት። ኦይለርም በ1732 ከሴንት ፒተርስበርግ መልሱን ሰጠ፦ ስድስተኛው ቁጥር የ641 እና የ6,700,417 ብዜት ነው። ሁለቱ አካፋዮች ብቸኛ ናቸው።

641 በብቸኛ ቁጥሮች ተርታ 116ኛው ነው፤ ከታች ጀምሮ እያንዳንዱን መሞከር አድካሚ ነው። ኦይለር ግን የ4,294,967,297 ብቸኛ አካፋይ ሁሉ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን እንዳለበት አሳየ። ያኔ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። አምስት ማካፈል! ፌርማ ራሱ በተመሳሳይ ዘዴ የሌላ ትልቅ ቁጥር አካፋይ አግኝቶ ስለነበር፣ እዚህ መሳቱ ያስገርማል።

641 ያለ ቀሪ ማካፈሉን ለማየት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። 640 ከ641 በአንድ ስለሚያንስ በማካፈል ሒሳብ እንደ −1 ይቆጠራል። አራት 640ዎች እርስ በርስ ሲባዙ እንግዲህ ቀሪው 1 ነው። 640 ደግሞ 5 በሰባት ሁለቶች ሲባዛ ስለሆነ፣ ያው ብዜት 625 በሃያ ስምንት ሁለቶች ሲባዛ ማለት ነው። 625 ከ641 በ16 ያንሳል፤ ስለዚህ በቦታው −16ን መተካት ይቻላል። 16 አራት ሁለቶች ነውና የሠላሳ ሁለቱ ሁለቶች ብዜት −1 ይተዋል፤ 1 ሲጨመርበት ቀሪው ይጠፋል።

ቁጥሩ ሌላም ማታለያ አለው። በፌርማ ሕግ መሠረት፣ ከ2 በቀር ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ቢወሰድ፣ ከእሱ በአንድ ያነሱ ሁለቶች ተባዝተው ለእሱ ሲካፈሉ ቀሪው 1 ነው። 4,294,967,297 ብቸኛ ሳይሆን ይህን ፈተና ያልፋል። በሁለቶች ፋንታ ሦስቶች ሲወሰዱ ግን ይወድቃል።

ከአምስቱ ቀዳሚዎቹ ጋርም በቅርብ የተሳሰረ ነው፤ የአምስቱ ብዜት 4,294,967,295፣ ከእሱ በ2 ብቻ የሚያንስ ነው። በኮምፒዩተር 32 ቢት ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥርም ይኸው ነው። የፌርማ ቁጥሮች በጂኦሜትሪም ይመጣሉ፤ የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1796 ባለ 17 ጎን ቅርጽ፣ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል ሆነው፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሠራት እንደሚችል አሳየ። የጎኖቹ ብዛት ጎደሎ ቁጥር ከሆነ፣ የሚሠራው ብዛቱ የተለያዩ ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን ብቻ እንደሆነም ኋላ ተረጋገጠ። በመሆኑም እስካሁን ከሚታወቁት ትልቁ ጎደሎ የጎን ብዛት 4,294,967,295 ነው፤ ሁለት ጎን ቢጨመር አይሠራም።

ስድስተኛ ብቸኛ የፌርማ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። ከ4,294,967,297 ጀምሮ ተከታታይ ሃያ ስምንቱ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል፤ የሃያ ዘጠነኛው ነገር ገና አልለየለትም።