ስለ ደንበኛ ፈቃድ የሚታወቀውን ሁሉ ለባለንግዱ ስለ ማድረስ

የአንድ ንግድ ቤት ሀብት ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በመጋዘን ያለው ዕቃና በባንክ ያለው ገንዘብ ነው የሚል መልስ ወዲያው ይሰጣል። ከነዚህ የማያንስ ሌላ ሀብት ግን አለ፤ ይኸውም ደንበኛው የሚወደውንና የሚንቀውን፣ ከፍሎ የሚወስደውንና ነክቶ የሚተወውን ማወቅ ነው። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ባሉት ንግድ ቤቶች ይህ ዕውቀት ሞልቶ ሳለ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው፣ ከሁሉም ወደ ባለንግዱ የሚደርስበት ሥርዓት ባለመኖሩ ብዙ ገንዘብ ይባክናል።

ነገሩን በቅርብ እንመልከተው። ሻጩ ማን ምን ጠይቆ እንዳጣ ያውቃል። መጋዘን ጠባቂው የትኛው ዕቃ አቧራ እንደ ለበሰ ያያል። ሹፌሩ በንፋስ መውጫ፣ በእስቴና በአዲስ ዘመን ገበያ የሌላው ነጋዴ መኪና ምን እንዳራገፈ ተመልክቶ ይመለሳል። ደላላው የገበሬውን ዐሳብ፣ ሒሳብ ያዡም ዱቤ መክፈል የዘገየውን ደንበኛ ያውቃሉ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ግቢ ውለው ሲያመሹ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ ባለንግዱም ዕቃ ለማዘዝ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ በጸሐፊነት ዘመኔ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ከአምስቱም ያነሰ ዕውቀት ይዞ ይሄዳል።

በውጭ አገር ትልልቅ ኩባንያዎች ለዚሁ ተግባር የተለየ ክፍል ያቋቁማሉ። በአሜሪካ ቻርልስ ኩሊጅ ፓርሊን የሚባል ሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1911 በከርቲስ አሳታሚ ኩባንያ የንግድ ምርምር ክፍል ማደራጀት ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው በዓለም ተስፋፍቷል። ሆኖም ክፍሉ ቢኖርም ችግሩ አይቀርም። ራፖሩ ወፍራም ሆኖ የሚያነበው ሲጠፋ፣ ወይም ትእዛዙ ከተላለፈ በኋላ ሲደርስ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የደንበኛን ፈቃድ ማጥናት ለአገራችን ንግድ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠገራ ብር ወይም የማርያ ቴሬዛ ብር የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የገበያው ሰው ከዚህ ብር የሚቀበለው 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቢሆን በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት ብር እንኳ ያንን ከገበያ ለማስለቀቅ አልቻለም። አቡጀዲም እንዲሁ ነው። ጨርቁ ብዙ ዘመን ከአሜሪካ ሲመጣ ቆይቶ የጃፓን ፋብሪካዎች እርሱን የሚመስል ጨርቅ በረከሰ ዋጋ አቀረቡ፤ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታትም የጥጥ ጨርቁን ገበያ ትልቁን ድርሻ ይዘው ነበር። ገዢው ዐይኑ የለመደውን ጨርቅ እንደሚሻ፣ ኪሱ ደግሞ እንዳነሰ ዐውቀው ሁለቱን አስታረቁለት።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። በፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ርዳታ ተጀምሮ፣ ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ሆናለች። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው በዚያው አካባቢ ካለው ከጅግና ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሩዝ ከፎገራው ጋር በአንድ መደርደሪያ አቁሞ «የአገር ውስጡ ሩዝ ተፈላጊነት የለውም» ብሎ ለጌታው የሚናገር ሻጭ ግን አይጠፋም። ይህ ሻጭ ያየውን ነው የተናገረው፤ አንድ ጥያቄ ግን ሳይጠይቅ ቀርቷል። «እትዬ፣ ሩዙን ለምን ይፈልጉታል?» ቢል ኖሮ፣ «ከጤፍ ጋር አስፈጭቼ ለእንጀራ ነው» የሚሉትን እናቶች ከድግስ አብሳዮች ለይቶ ባወቃቸው ነበር። ለእንጀራ ለሚፈጨው ሩዝ ፍሬው መሰበሩ አይጎዳውም፤ ነጭነቱና ዋጋው ይበቃል። በድስት ለሚበስለው ግን የተሰበረ ፍሬ የበዛበት ሩዝ ያሳፍራል። አስመጪው ለየትኛው ገዢ እንደሚያመጣ፣ የወረታው ነጋዴም የትኛውን በወንፊት አስለይቶ በየትኛው ዋጋ እንደሚሸጥ የሚወስኑት በዚህች ጥያቄ መልስ ነው።

የገብሱም ነገር ከዚህ አይርቅም። በፋርጣና በጋይንት ደጋ የሚበቅለው ገብስ ለጠላ፣ ለበሶና ለቆሎ ሲሆን ገዢው በዐይኑና በጥርሱ ይመረምረዋል። የብቅል ፋብሪካ ግን ሌላ ደንበኛ ነው፤ ዘሩ ያልተደባለቀ፣ በሚገባ የሚበቅል፣ ፕሮቲኑም ከ9 እስከ 12 ከመቶ አካባቢ የሆነ ገብስ ይፈልጋል። እርጥበት ይዞ በመጋዘን የታፈነ ገብስ ላዩ ቢያምርም የመብቀል ኀይሉን ያጣል። አንድ ጭነት ሲመለስ ሹፌሩ «አልተቀበሉንም» ብሎ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በእርጥበት ነው? በድብልቅነት ነው? በፕሮቲን ነው? ይህ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ጭነት በዚያው ጥፋት ይመለሳል፤ የናፍጣውም ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ደንበኛው ራሱ ያሰበውን በግልጥ አለመናገሩም ሌላ ችግር ነው። ቅኔና ዜማ በሚማሩበት አገር ሰው ወርቁን በሰም ሸፍኖ መናገር ያውቃል። የጋይንት ሽማግሌ ዕቃው ውድ ነው ብለው ባለሱቁን አያስቀይሙም፤ «እስቲ ገበያውን ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ» ይላሉ፤ አይመለሱም። ብልህ ሻጭ «እመለሳለሁ» ብለው የወጡትን በየዕለቱ ይቆጥራል፤ የያዙትንም ዕቃ ስም በአጠገቡ ይጽፋል። እኔ ከማውቃቸው የገበያ ጥናቶች ሁሉ ርካሹም እውነተኛውም ይህ ይመስለኛል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የመጣው የዋጋ ለውጥ ይህን ሥራ ቸል ሊባል የማይችል አድርጎታል። ከዚያም በፊት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ድንች የጫነ ነጋዴ በወልዲያ በኩል ይሂድ ወይስ በባሕር ዳር የሚለውን የሚወስነው በአንድ የስልክ ጥሪ ነበር። በዚያች ጥሪ ምን ቃል እንደሚነገር አስቀድሞ ያልተስማማ ቤት ድንቹን በጆንያ እንዳለ አበስብሶታል።

እንግዲህ ቃሉ እንዴት ይነገር? «ስኳር ቀዝቅዟል» የሚለው ራፖር ባለንግዱን ከማሳዘን በቀር አይረዳውም። እንዲህ ቢጻፍ ግን፦ «ኪሎ ስኳር ይገዙ ከነበሩት ደንበኞች ብዙዎቹ በዚህ ሳምንት ሩብ ኪሎ ጠየቁ፤ ይህን ሁለቱም ሻጮች አይተዋል፤ ሦስት ሴቶች ምክንያቱ ዋጋው መሆኑን ተናግረዋል፤ ሩብ ሩብ ኪሎ አሽገን እንድናቀርብ እስከ ማክሰኞ ይፈቀድልን» ቢባል፣ የታየው ከተሰማው ተለይቷል፤ ያየው ሰው ታውቋል፤ ከጌታው የሚፈለገው ውሳኔና ቀኑም ተነግሯል። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ሻጩ መጻፍ ባይመቸው ጸሐፊው ጠይቆ ይጻፍለት፤ ቃሉን ግን አያሳምርለት። አሳምረን የምንጽፍ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሰውየውን ነገር ትተን የራሳችንን እንጽፋለን።

ስለ ባለንግዶችም አንድ ነገር በትሕትና ልናገር። ክፉ ወሬ ያመጣውን ሠራተኛ የሚቆጣ ጌታ ከዚያች ቀን ጀምሮ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ይሰማል፤ «ጋሼ ይቀየሙኛል» ብሎ የሚፈራ ልጅም ያልተሸጠውን ቦንዳ ከሌላው ሥር ይደብቀዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ ሻጩም ሹፌሩም መጋዘን ጠባቂውም በተራ ይናገሩ፤ ከታናሹ ቢጀመር ይሻላል፤ ጌታው ቀድሞ ከተናገረ ሌሎቹ እርሱ ያለውን መድገማቸው አይቀርምና። የተባለው በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ በአጠገቡም ባዶ ቦታ ይተው። የባለንግዱ ውሳኔ በዚያ ባዶ ቦታ ገብቶ ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ለተናገረው ሠራተኛ ይነበብለት፤ መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ ከነምክንያቱ።