ብርሃኗ የማይታይ ብዕር

ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአጠና ተራ እስከ አስኮ፣ በኮልፌ ቀራንዮ መንገድ ዳር የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ማግኘት አይቸግርም። ቁልፉ ያለቀለት ወይም ቀፎው የተሰነጠቀ ሪሞት እዚያ ደርሶ ይጣላል። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናት። ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚጥለውን ምስል በእጅ የሚጻፍበትና የሚሰመርበት ሰሌዳ የምታደርግ ብዕር ከዚህች አምፖል ትሠራለች።

አምፖሏ የምትረጨው ኢንፍራሬድ ነው። ዓይናችን እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ያያል፤ የሪሞት አምፖል ብዙውን ጊዜ የምታበራው 940 ላይ ስለሆነ ለእኛ ጨለማ ነው። የሞባይል ካሜራ ግን ያየዋል። ሪሞቱን ወደ ሞባይሉ የፊት ካሜራ አዙሮ ቁልፍ መጫን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ የሚመስል ብልጭታ ከታየ አምፖሏ ትሠራለች።

ሐሳቡን ለብዙዎች ያስተዋወቀው ጆኒ ቹንግ ሊ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ማብቂያ፣ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ የኒንቴንዶ ዊ የጨዋታ መሣሪያ ሪሞት ውስጥ ያለውን የኢንፍራሬድ ካሜራ ለሰሌዳ አዋለው። ካሜራው እስከ 4 የብርሃን ነጥቦችን ተከታትሎ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ፣ የት እንዳሉ ለኮምፒውተር በብሉቱዝ ይነግራል። ሪሞቱ ያኔ 40 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለትምህርት ቤት ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ ግን ከሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ሊ ሶፍትዌሩን በነፃ ለቀቀው።

የእኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልቁን ስክሪን የተዋወቁት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስስ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ቢጠይቅ ስክሪኑ አይሰማም ነበር፤ መምህሩም ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ይህችን ብዕር የምወዳት ለዚህ ነው። ምስሉን አስቁሞ በሚታየው ሦስት ማዕዘን ላይ መስመር የሚጨምረው መምህሩ ነው፤ ቀጥሎም ተማሪዋ ተነሥታ ታሰምራለች።

አሠራሯ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የደረቀ ማርከር ሆዱ ይወጣና አምፖሏ በጫፉ ትገባለች፤ ከኋላዋ ባለ 1.5 ቮልት ቀጭን ባትሪ ድንጋይ፣ ሲጫኑት ብቻ የሚያገናኝ ቁልፍና ጥቂት ሽቦ ይከተላሉ። አምፖሏ የምትፈልገው 1.3 ቮልት ገደማ ስለሆነ ከአንድ ድንጋይ ጋር ሬዚስተር አያስፈልጋትም። ሁለት ድንጋይ ከሆነ ግን 22 ኦም ያህል ሬዚስተር ይጨመርላት፤ አለዚያ ትቃጠላለች። አዲስ አምፖል ሲገዛ ረጅሟ እግር ፖዘቲቭ ናት፤ ከሪሞት የተነቀለች ግን እግሮቿ የተቆረጡ ናቸው። በሁለቱም አቅጣጫ ከአንድ ድንጋይ ጋር እያነካኩ በሞባይል ካሜራ ማየት ይበቃል፤ ቢገለበጥም በ1.5 ቮልት አትጎዳም።

ብዕሯ ከማብራት በቀር ሌላ ሥራ የላትም፤ የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ነው። ሶፍትዌሩ በምስሉ አራት ማዕዘኖች ላይ ምልክት ያሳያል፤ እያንዳንዱን በብዕሯ ሲነኩት ካሜራው የሚያየው የትኛው ነጥብ ከግድግዳው የትኛው ቦታ ጋር እንደሚገጥም ያሰላል። ካሜራው ወይም ፕሮጀክተሩ ትንሽ ቢነቃነቅ አራቱን እንደገና መንካት ግድ ነው።

ሰው የሚቸገረው በመበየዱ ሳይሆን በካሜራው አቀማመጥ ነው። የጸሐፊው ጀርባ ብዕሯን ከጋረደ መስመሩ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ካሜራው ከጎንና ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የሪሞት አምፖል ደግሞ ብርሃኗን ወደ ፊት ብቻ ትወረውራለች፤ ጫፏ ወደ ግድግዳው ሲዞር ለካሜራው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ክብ አናቷን በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እስኪሆን መሞረድ ብርሃኑን ወደ ጎን ይበትነዋል። ፀሐይም ኢንፍራሬድ ስላላት በመስኮት የሚገባው ጨረር ካሜራውን ያሳስተዋል፤ መጋረጃ ያስፈልጋል።

የዊ ሪሞት ላላገኘ ተራ የኮምፒውተር ካሜራ ይበቃል። ውስጡ ያለችው ኢንፍራሬድ ከልካይ መስታወት ትነሣና፣ በምትኳ ታጥቦ የጠቆረ የባለ ቀለም ፎቶ ነጌቲቭ ቁራጭ ሌንሱ ፊት ይለጠፋል። ነጌቲቩ የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል፤ ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል። እንዲህ ያለው ካሜራ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚያይ በፍጥነት ሲጻፍ ፊደሉ ይሰባበራል፤ ረጋ ብሎ ለሚያሰምር መምህር ግን አያንስም። ተማሪዎች ሲሠሩት አንድ ነገር ይነገራቸው፦ የበራች ብዕር ከቅርብ ወደ ዓይን አትዞርም፤ ብርሃኑ ስለማይታይ የዓይን ብሌን አይጠብም፣ ዓይንም አይጨፈንም።